አምፕሊፋየሩ ሲያጉረመርም ምን እያለ ነው?

የሐይቅና የአምባሰል አባቶችና እናቶች፤ ከደሴና ከውጫሌ የመጣችሁ የሙዚቃና የኤሌክትሮኒክስ ልጆች፤

በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ሣጥን እቤት የተሠራ የቲዩብ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። የሠራው ከውጫሌ የመጣ ወጣት ሲሆን እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛልና አልጠራውም። ትራንስፎርመሮቹንና ቲዩቦቹን ያገኘው አያቱ ቤት ከነበረ አሮጌ ራዲዮ ነው። ቻሲሱን በቆርቆሮ ሠራ፣ ሽቦውን ዘረጋ፣ ብየዳውን ጨረሰ፣ ስፒናውን ሰካ። መጀመሪያ የሰማው ጉርምርምታ ነው። ጊታሩን ሲመታ ድምፅ ወጣ፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ድምፁ እየጎረነነ ሄደ፤ ትልቁ ቲዩብ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ እንደ ፍም ቀላ። ፈጥኖ ነቀለው፤ ደግ አደረገ።

ይዞልኝ ሲመጣ የጠየቀኝ «የቱን ዕቃ ልቀይር?» ብሎ ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። ከመቀየር በፊት መስማት አለ፤ ከመስማት ቀጥሎ መለካት አለ፤ መቀየር የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። መስማቱ ደግሞ ለእናንተ አይቸግርም። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ለኔ፣ ሁለቱ የሚጠሩት በወሎ ቦታ ስም ነው። የድምፃዊቷን የማሪቱ ለገሠን አምባሰል እየሰማ ያደገ ልጅ ግማሽ ድምፅ ስትዛነፍ ማንም ሳይነግረው ይጎረብጠዋል። ያ ጆሮ ከዚህ ሣጥን ጋር ሲገናኝ የመለኪያ መሣሪያ ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን አሳያችኋለሁ።

ቲዩብ አየር የተመጠጠበት ጠርሙስ ነው። በውስጡ ካቶድ የሚባል ብረት አለ፤ በ6.3 ቮልት ሂተር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ኤሌክትሮን ይለቃል። ፕሌት የሚባለው ሌላው ብረት ላይ 250 ቮልት ያህል ስላለ ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ይስበዋል። በሁለቱ መካከል ግሪድ የሚባል ስስ ሽቦ ተጠምጥሟል። ከጊታሩ የመጣው ደካማ ምልክት እዚያ ግሪድ ላይ ሲያርፍ ትልቁን ፍሰት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ኢሲሲ 83 የተባለው ትንሹ ቲዩብ በአንድ እርከን ብቻ ምልክቱን 60 እጥፍ ገደማ ያጎላዋል። ከዚያ ኢኤል 84 የተባለው ጉልበተኛው ተቀብሎ በትራንስፎርመር በኩል ስፒከሩን ይነዳል። ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ፌንደር ቻምፕ የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ትንሽ አምፕሊፋየር ያለው ሁለት ቲዩብና አንድ ሬክቲፋየር ቲዩብ ነው። ጂም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር ከባልደረቦቹ ጋር ሲሠራ የተነሳው ከፌንደር ቤዝማን ንድፍ ነው፤ ከፍቶ፣ አይቶ፣ ባገኘው ዕቃ ሠራ። የውጫሌው ልጅም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በእኛ አገርም ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኤረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ፣ ዋሊያስና ሌሎቹ ባንዶች በየሆቴሉ ሲጫወቱ፣ ጊታሩ ያለ አምፕሊፋየር የትም አይደርስም ነበር። ዘፋኙን እናስታውሳለን፣ ጊታሪስቱንም እናስታውሳለን። ሣጥኑን ከፍቶ ካውያ የያዘውን ሰው ግን አናስታውሰውም። እኔ ዛሬ የቆምኩት ለእሱ ነው።

ወደ ሣጥኑ ከመግባቴ በፊት ስለ ሞት እናገራለሁ፤ ይቅር በሉኝ፣ ግን ግዴታዬ ነው። ይህ ዕቃ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊገድል ይችላል። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች 260 ቮልትና ከዚያም በላይ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ከነቀላችሁ በኋላ 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር አንዱን ጫፍ ቻሲሱ ላይ አሥራችሁ፣ ሌላውን በተሸፈነ መቆንጠጫ ይዛችሁ የካፓሲተሩን ፖዘቲቭ ንኩ። ጥቂት ሰኮንድ ቆዩ፤ ከዚያ በቴስተር ለኩ። ከ5 ቮልት በታች ካልወረደ እጃችሁ አይግባ። በካቻቢቴ ሾርት እያደረጉ ማራገፍ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ካፓሲተሩንም ይጎዳል፣ ለዓይንም ያሰጋል፣ ተዉት። መብራት እያለ ስትለኩ ደግሞ አንድ እጃችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ጅረት ከአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ የሚያልፈው በልብ በኩል ነው።

ቻሲሱ በሦስት ሽቦ ገመድ ከኧርዝ ጋር መያያዝ አለበት። ሶኬቱ የኧርዝ ብረት አለው ማለት ግን ኧርዙ መሬት ደርሷል ማለት አይደለም፤ አዳራሹን የሠራውን ኤሌክትሪሺያን ጠይቁ፣ ለኩ። ጊታር ይዞ ማይክ ሲጠጋ ከንፈሩን መብራት የመታው ሙዚቀኛ እዚህም ሳይኖር አይቀርም። ያ ሰው የተመታው ጊታሩ በአንድ አምፕሊፋየር፣ ማይኩ በሌላ ስለተያያዙና ከሁለቱ አንዱ ኧርዝ ስላልነበረው ነው።

አሁን ወደ ልጁ አምፕሊፋየር እንግባ።

መጀመሪያ ያደረግነው ከመብራቱ ጋር በተከታታይ 60 ዋት አምፖል ማስገባት ነው። የድሮው፣ ሽቦው የሚግለው አምፖል መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ትራንስፎርመሩ ግን ይተርፋል። የእኛ ሲበራ ደመቀ፣ ከዚያ ደብዘዝ አለ፣ ቲዩቦቹ እየሞቁ ሲሄዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። ሾርት የለም ማለት ነው። አምፖሉን አወጣንና በቀጥታ ሰክተን ሂተሩን ለካን፤ 6.2 ቮልት፣ ደግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢሲሲ 83 ሂተሩ ሁለት ግማሽ አለው። 6.3 ቮልት ካላችሁ አራተኛና አምስተኛ እግሩን አንድ ላይ አሥራችሁ በአንድ ወገን፣ ዘጠነኛውን በሌላው ወገን ነው የምታገናኙት። በአራትና በአምስት መካከል ብቻ ያገናኘ ሰው 12.6 ቮልት ለሚፈልገው ግማሹን ሰጠው። ቲዩቡ ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ድምፁም ይደክማል፤ ባለቤቱ ቲዩቡ ያረጀ መስሎት ሌላ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።

ቀጥሎ ወደ ኢኤል 84 ካቶድ ሄድን። ከካቶዱ ወደ ግራውንድ 150 ኦም ሬዚስተር አለ። ጤነኛ ቢሆን እዚያ ላይ 7.5 ቮልት አካባቢ እናነብ ነበር። 7.5ን ለ150 ብታካፍሉት 50 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ቲዩቡ በልኩ እየሠራ ነው ማለት ነው። እኛ ያነበብነው 10.8 ቮልት ነው፤ 72 ሚሊአምፔር። ኢኤል 84 ፕሌቱ ላይ መሸከም የሚችለው 12 ዋት ነው፤ የልጁ ቲዩብ 15 ዋት ያህል ተሸክሟል። ብረቱ የቀላው ለዚህ ነው። ቲዩቡ ጥፋተኛ አልነበረም፤ የታዘዘውን እየፈጸመ ነበር። ታዲያ ማን አዘዘው?

ያዘዘው ግሪዱ ነው። የግሪዱ እግር ሁለተኛው ነው፤ ከግራውንድ ጋር ሲለካ ዜሮ መሆን ይገባው ነበር። አምስት ቮልት ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘ። ወደዚያ ግሪድ የሚገባው መንገድ አንድ ነው፤ ከትንሹ ቲዩብ ፕሌት በካፓሲተር በኩል። የካፓሲተሩ ሥራ ድምፁን አሳልፎ ዲሲውን፣ ማለትም የማይመላለሰውን ቮልት፣ ማገድ ነው። ልጁ የተጠቀመው ከራዲዮው ያወጣውን፣ በሰም የተሸፈነውን የወረቀት ካፓሲተር ነው። የግሪዱ ሬዚስተር 470 ኪሎኦም ስለሆነ አምስት ቮልት እዚያ እንዲቆም ከ10 ማይክሮአምፔር ትንሽ የሚበልጥ ፍሳሽ ይበቃል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር አንድ ቲዩብ ይገድላል!

ልጁ ግን ካፓሲተሩን በቴስተር ለክቶት ነበር። «ደህና ነው» አለኝ፤ አልዋሸም። ቴስተር ኦም ሲለካ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ነው። ካፓሲተሩ በሥራ ላይ የሚሸከመው ደግሞ 165 ቮልት ያህል ነው። በጥቂት ቮልት የሚያግድ ዕቃ በ165 ሲገፋ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል፤ ድምፁ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ የተበላሸውም ለዚህ ነው። እውነተኛው ፈተና ይህ ነው፦ አራግፋችሁ፣ ካፓሲተሩን ከግሪዱ በኩል ፈትታችሁ፣ ደግማችሁ አብሩና ግሪዱን ለኩ። ግሪዱ ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው። ዜሮ ካልሆነ ቲዩቡ ራሱ ተበላሽቷል። የእኛ ዜሮ ሆነ። አዲስ የፕላስቲክ ካፓሲተር፣ 400 ቮልት የሚችል ገባበት፤ ካቶዱ ወደ 7.5 ተመለሰ፤ ብረቱም ጠቆረ። ከአሮጌ ራዲዮ ትራንስፎርመር፣ ሶኬትና ቲዩብ ውሰዱ፤ የወረቀት ካፓሲተር ግን በፍጹም አትውሰዱ።

የቀረው ጉርምርምታው ነው። ደስ የሚለኝ ክፍል ይህ ነው።

የእኛ መብራት በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኸርዝ ነው። መብራቱን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ሬክቲፋየር የሞገዱን ሁለቱንም ወገን ስለሚጠቀም ከእሱ በኋላ የሚቀረው ሞገድ 100 ኸርዝ ይሆናል። አሁን ጊታሩን አንሡ። በትክክል በተቃኘ ጊታር ላይ ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ብትይዙት ጂ ይሰጣችኋል፤ 98 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው 100 ከሆነ ሁለቱ ድምፆች ተጠጋግተው በሰኮንድ ሁለቴ ያህል ሲወዛወዙ ትሰማላችሁ። ያን ጊዜ የምትጠረጥሩት የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮችን ነው። ጉርምርምታው ከዚያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ፣ ለስላሳና ደረቱ ሰፊ ከሆነ 50 ኸርዝ ነው፤ የሚመጣውም ከሂተር ሽቦ፣ ከተበላሸ ኧርዝ ወይም ትራንስፎርመሩ ለትንሹ ቲዩብ ከመቅረቡ ነው። የአሜሪካን መጽሐፍ ይዛችሁ የምትሠሩ ልጆች ተጠንቀቁ፤ እዚያ የተጻፈው 60ና 120 ነው፣ የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ። በጀነሬተር የምትጫወቱ ደግሞ ጉርምርምታው ከሞተሩ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ስለምትሰሙ በዚያ ሰዓት አትመርምሩ።

የልጁ አምፕሊፋየር የሚያሰማው 50 ነበር። ትንሹን ቲዩብ ነቀልነው፤ ጉርምርምታው ጠፋ። ስለዚህ ከኢኤል 84 ሳይሆን ከፊቱ ነው። ቲዩቡን መልሰን ግሪዱን ከግራውንድ ጋር ስናገናኘው ግን አልጠፋም፤ ከጊታሩም ከጃኩም አልነበረም ማለት ነው። የቀረው ሂተሩ ነው። የሂተሩ ሁለት ሽቦዎች ተራርቀው፣ አንዱ በትንሹ ቲዩብ እግሮች አጠገብ አልፎ ተዘርግቷል፤ መካከላቸውም ከግራውንድ ጋር አልተያያዘም። ሁለቱን ሽቦዎች አጥብቀን ገመድን፣ ወደ ቻሲሱ ጥግ አስጠጋን፣ ከእያንዳንዱ ወደ ግራውንድ 100 ኦም ሬዚስተር አሠርን። አሁን ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ስከፍተው ስሙ። ከኋላ የተቀመጣችሁ አትሰሙትም፤ ከፊት ያላችሁ ትንሽ ትንፋሽ ትሰማላችሁ።

ለእናንተ ብቻ የምነግራችሁ ፈተና አለ፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአምባሰል የመጣ ነው። አምባሰል ከሲ ቢነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሲና ዲ ፍላት በግማሽ ድምፅ የተጠጉ ናቸው፤ ጂና ኤ ፍላትም እንዲሁ። ክራር ላይ የተመታው ክር ሳይጠፋ ቀጣዩ ስለሚመታ እነዚህ ጎረቤቶች አብረው ይጮኻሉ። ጤነኛ አምፕሊፋየር ሁለቱን ለየብቻ ያወጣቸዋል። የታመመ ግን ያባዛቸዋል። ሲ 262 ኸርዝ፣ ዲ ፍላት 277 ነው፤ አምፕሊፋየሩ ሲጨናነቅ የልዩነታቸውን 15 ኸርዝና በዚያው ልክ የሚራራቁ ሌሎች ድምፆችን ከራሱ ፈጥሮ ይጨምርና ድምፁን ያሻክረዋል። ሲና ጂን አብራችሁ ብትመቱ ግን ልዩነታቸው ከሞላ ጎደል ራሱ ሲ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ይደበቃል። የሮክ ጊታሪስቶች ያንን ኮርድ አምፕሊፋየሩን አስጩኸው የሚወዱትም ለዚህ ነው። እናንተ ስትፈትሹ ሲና ጂን አትምቱ፤ ሲና ዲ ፍላትን ምቱ። በዝቅተኛ ቮሊዩም ከሻከረ ወይ ቲዩቡ ደክሟል፣ ወይ ከላይ የነገርኳችሁ ካፓሲተር ያንጠባጥባል።

ሌላም አለ። አንድ ክር ብቻ መትታችሁ ከሥሩ ያልመታችሁት ድምፅ ቢከተላችሁ፣ የማጣሪያ ካፓሲተሩ አርጅቷል። 100 ኸርዙ ከድምፃችሁ ጋር እየተደመረና እየተቀነሰ ነው። ሲን ስትመቱ 162ና 362 ኸርዝ አብረው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ከአምባሰል ኖታዎች አይደሉም። ቅኝቱን የማያውቅ ሰው «ድምፁ ትንሽ ደብዝዟል» ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ግን ቅኝቱ ውስጥ እንግዳ መግባቱን ወዲያው ታውቃላችሁ። አብሽሩ፣ ይህ ጆሮ የትም ትምህርት ቤት አይገዛም።

ስለ መብራታችን አንድ ቃል ልበል። 220 ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ 6.3 የነበረው ሂተር 5.15 ይሆናል፤ 260 የነበረው ደግሞ ወደ 213 ይወርዳል። በምሽት ሰው ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ የለካችሁትን ከጠዋቱ ጋር አታወዳድሩ። ሁልጊዜ የሶኬቱን ቮልት አስቀድማችሁ ጻፉ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ አምፕሊፋየር ካለ ደግሞ 120 ቮልት ነውና ያለ ማውረጃ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት። ማውረጃ ቢኖረውም በ60 ኸርዝ ታስቦ የተሠራው ትራንስፎርመር በእኛ 50 ላይ ይበልጥ ይሞቃልና ከጀርባው አየር ይግባበት።

ሲበራ ወዲያው የሚያፏጭ ከሆነ፣ ከስፒከሩ ወደ ኋላ የተመለሰ ሽቦ ካለው፣ የማውጫ ትራንስፎርመሩን ሁለት የፕራይመሪ ሽቦዎች አቀያይሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈወሳል። በእንጨት እርሳስ ስትነኩት የሚጮኸው ቲዩብ ይቀየር። ስፒከር ሳይኖር ግን በፍጹም አታብሩ።

የማይታወቅ የማውጫ ትራንስፎርመር ካገኛችሁ በወፍራሙ ሽቦ በኩል ሳይሆን በቀጭኑ በኩል የሂተሩን 6.3 ቮልት ስጡትና በወፍራሙ በኩል ለኩ። 0.25 ቮልት አካባቢ ካገኛችሁ ለኢኤል 84ና ለ8 ኦም ስፒከር የሚስማማ ነው። ብትገለብጡት ግን 160 ቮልት ያህል ይወጣልና ተጠንቀቁ። ለተቃጠለ ትራንስፎርመርም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ የዙሩን ቁጥር ከቆጠራችሁለት ይህንንም ይጠቀልልላችኋል።

አሁን ወደ ልመናዬ። እቤታችሁ፣ በተለይ አያቶቻችን ዘንድ፣ የማይሠራ የቲዩብ ራዲዮ ካለ ለቁራሌው አትስጡት። ጀርባውን ከፍታችሁ ቲዩቦቹ ላይ የተጻፈውን ፊደል በወረቀት ገልብጣችሁ አምጡልኝ። ፊደሉ በ«ኢ» የሚጀምር ከሆነ፣ እንደ ኢኤል 84፣ እንደ ኢዜድ 80፣ ሂተሩ 6.3 ቮልት ነው፤ ትራንስፎርመር ካለው ለጊታርም ለክራርም ይሆናል። በ«ዩ» የሚጀምር ከሆነ፣ እንደ ዩኤል 84፣ እንደ ዩዋይ 85፣ ያ ራዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚያገልል ትራንስፎርመር የለውም፤ ቻሲሱ በቀጥታ ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ነው። ለራዲዮነት በእንጨት ሣጥኑ ውስጥ ሲቀመጥ አያሰጋም፤ ጊታር ከተሰካበት ግን የጊታሩ ክር የመብራት ሽቦ ሆነ ማለት ነው። ከእሱ ቲዩቡንና ስፒከሩን እናወጣለን እንጂ አምፕሊፋየር አናደርገውም። ወረቀቱን ይዛችሁ ከመጣችሁ የትኛው ራዲዮ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አብረን እንለያለን፤ የውጫሌው ልጅም አብሮኝ ይሠራል።

አሁን ሣጥኑ ክፍት ነው፣ መብራቱ ተነቅሏል፣ ካፓሲተሮቹም ተራግፈዋል። ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።